የሺ የመረጠችው አከፋፈት

ባለፈው ሰሞን ዓይኔን ለመታየት ቆሰበር ሄጄ ነበር። ልጆቼ «ኢንጅባራ በል» ይሉኛል፤ እኔ ግን ከተማው ጥቂት ቆርቆሮ ቤትና ብዙ ጭጋግ በነበረበት ጊዜ ስለለመድኩት አፌ አልታረም አለ። ከሐኪም ቤት ወጥቼ፣ የቀርከሃ ወንበርና መደርደሪያ መንገድ ዳር ደርድረው ከሚሸጡት ሰዎች አጠገብ ባጃጅ ስጠብቅ «አያ ጌታነህ!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ዞር ስል ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ከዘራ የያዘ ረጅም ሽማግሌ ቆሟል። ትክ ብዬ ባየውም ላውቀው አልቻልኩም። «ፈንታሁን ነኝ እኮ! ዳንግላ እርስዎ ቤት ተከራይ የነበርኩት» አለና ሳቀ። በሳቁ ዐወቅሁት። ሰውዬው አርጅቷል፤ ሳቁ እንዳለ ነው።

ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተን ደጋግመን ተሳሳምን። በደቡብ በኩል ሲሠራ ኖሮ ጡረታ መውጣቱን፣ ሚስቱ ማረፏን፣ አሁን እዚህ ካገባች ልጁ ዘንድ መጥቶ መቀመጡን ነገረኝ። የልጁ ባል ሱቅ ከመናኸሪያው በላይ መሆኑንም በከዘራው አመለከተኝ። እኔም የራሴን መናገር ስጀምር አላስጨረሰኝም። «የሺስ? ደኅና ናት? ቼዙን አልተወችውም አይደል?»

«ደኅና ናት» አልኩት። ጥርሴ ረግፏል፣ ጉልበቴ ደረጃ አያወጣኝም፣ ዓይኔም ይኸው ሐኪም ይፈልጋል፤ ቅናቴ ግን አንድ ጥርስ አልጎደለውም። ስሟን ሲጠራ ድምፁ ለስለስ ያለ መሰለኝ። ባጃጁ መጣልኝና እንደ ተጣደፈ ሰው ተሰናብቼው ገባሁ። «ሰላም በሉልኝ!» ሲል እጄን አወዛወዝኩ። ስልኩን አልጠየቅሁትም።

ከቆሰበር ዳንግላ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጬ ውጭ ውጭውን አያለሁ፤ የማየው ግን የከሰሉን ጭስና የባሕር ዛፉን ጥላ አልነበረም። የማየው የድሮዋን ዳንግላ ነበር።

ያኔ የዳንግላ ዋና መንገድ የጋሪ መንገድ ነበር። ዛሬም ጋሪ አለ፤ ነገር ግን ባጃጁ ጥሩንባውን እየነፋ ፈረሱን ወደ ዳር ገፍቶታል። ያኔ ማለዳ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰን የፈረሶቹ ኮቴና የቃጭሉ ድምፅ ነው። የልብስ ስፌት ቤቴ ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ወደ ገበያው በሚታጠፍበት ማእዘን ላይ ነበረች። አንድ ስኒ ሻይ በሳንቲም ይጠጣል፤ በአንድ ብር ስንት እንቁላል ይገዛ እንደነበር ለልጅ ልጆቼ ስነግራቸው ተረት የምነግራቸው ይመስላቸዋል። ጎረምሳው ሁሉ ቦላሌ ካልሰፋህልኝ ይላል። ከጭን ላይ ጥብቅ፣ ከጉልበት በታች እንደ ጥሩንባ የሚከፈት ሱሪ! ጭቃው ከሱሪው ጠርዝ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በክረምት እንኳ ቦላሌውን አይተውም። ሴቶቹ ደግሞ የቴትሮን ሽንሽን ቀሚስ ይወዱ ነበር፤ ካጠቡት በኋላ ቶሎ ይደርቃል፣ ካውያ አያስፈልገውም። ሻይ ቤቱ ከቴፕ የሚያወጣው ዘፈን እስከ ስፌት መኪናዬ ፔዳል ድረስ ይሰማኝ ስለነበር ስሰፋ እግሬ ከዘፈኑ ጋር ይሄዳል። ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቴም ይፈጥን ነበር። ፖለቲካውን ተዉት፤ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገርበትና በጊዜ ቤቱ የሚገባበት ዘመን ነበር።

ቤት በጊዜ ስለሚገባ ነው ጨዋታ የለመድነው። አብዛኛው ሰው ዳማ በቆርኪ ይጫወታል። እኔ ቼዝ የተማርኩት ከአንድ የውጭ አገር መምህር ነበር፤ ሱሪ ሊያሰፋ ይመጣና ልብሱ እስኪያልቅ ቦርዱን ዘርግቶ ያስተምረኛል። አገሩ ሲገባ ሳጥኑን ትቶልኝ ሄደ። አንድ ወታደር ጎድሎ ስለነበር በክር ማጠንጠኛ ተካሁት። ጨዋታውን ዐወቅሁት ማለት ግን የማውቀው አንድ ዘዴ ብቻ ነው። ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ገፍቼ ወዲያው ንግሥቲቱን ወደ ሜዳ ማውጣት፣ ጳጳሱን አስከትዬ በባላንጣው ንጉሥ ጥግ ባለችው ደካማ ቦታ መግባት። ያልነቃ ሰው ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ንጉሡ ተይዞበት «ማት!» ይባላል። ዳንግላ ውስጥ ያልነቃ ሰው ስለማይጠፋ እኔም ስም ነበረኝ።

የሺን ያገባኋት በዚያ ሰሞን ነው። ከግምጃ ቤት ከተማ ወጣ ካለ የገበሬ ቀበሌ፣ በአገውኛ አፍ የፈታች፣ አማርኛውን በትምህርት ቤት የተማረች ልጅ ነበረች። እኔ ከወደ ቢቸና ስለሆንኩ አገውኛ አንድ ቃል አልሰማም። በዕድሜም እበልጣታለሁ። ሽማግሌ ልኬ፣ አባቷ ፈቅደው፣ እሷ ቤቴ ገባች። «አንቱ» ትለኝ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ሴት ለባሏ እንደዚያ ነው። በመጀመሪያው ክረምት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሌላ ነገር አላሰማ ሲለን፣ ቼዝ አስተማርኳት። ቶሎ ያዘችው። በየጊዜው በዚያችው በንግሥት ዘዴ አሸንፋታለሁ። ትንሽ ስትነቃብኝ ንግሥቲቱን በሌላ በኩል አዞርባታለሁ። «ተበላሁ» ትልና ትስቃለች፤ እኔም እስቃለሁ። ባልና ሚስት የሚጫወቱት እንዲህ ነው ብዬ አምን ነበር።

ፈንታሁን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግብርና ቢሮ ተመድቦ የመጣ፣ ከአንከሻ በኩል የተወለደ፣ እንደ የሺ አገውኛ የሚናገር፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚያንስ ረጅም ሰው። ያኔ ሚስት አልነበረችውም። ቆዳ ጃኬት ነበረው፤ በዚያን ጊዜ ዳንግላ ውስጥ ቆዳ ጃኬት ማለት ዛሬ መኪና እንደመያዝ ነው። የፊት ለፊቷን ክፍል አከራየሁት። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔና የሺ ስንጫወት በሩ ላይ ቆሞ ያየን ነበር። እንደለመድኩት ንግሥቴን አወጣሁ፣ እንደለመደችው ተበላች። ፈንታሁን አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ ቦርዱን አየና እሷን ጠየቃት።

«ለመሆኑ ምን ዓይነት ጨዋታ ደስ ይልሻል?»

«ማሸነፍ ነዋ! ሌላ ምን አለ?» አልኩት እኔ።

«እሷን ነው የጠየቅሁት አያ ጌታነህ» አለኝ በትሕትና።

የሺ ፊቷ ቀላ። «እኔ እንጃ» አለች፤ «ምን ምን አለው?»

ተቀመጠና ነገራት። ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ የቀና ሰው ጆሮ አይረሳም። «ገና ለሚማር ሰው» አላት፣ «ብዙ አከፋፈት፣ ማለት የጨዋታ አጀማመር፣ መሸምደድ አይጠቅመውም። ለነጭ አንድ፣ ለጥቁር አንድ ይበቃዋል። እሱን ግን እንደ ቤቱ ማወቅ አለበት። ፈረሱ ለምን እዚህ ወጣ፣ ጳጳሱ ለምን እዚያ ተቀመጠ፣ የእያንዳንዱን ምክንያት። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ባላንጣው ያልተጠበቀ ነገር ሲያደርግበት አይደነግጥም። የሸመደደ ሰው ግን እዚያው ቀጥ ይላል። ደግሞ አከፋፈት እንደ ጠባይ ነው። ሜዳው ቶሎ ተከፍቶ ፊት ለፊት መጋጠም የሚወድ አለ። በሩን ዘግቶ፣ ታግሶ፣ ጊዜው ሲደርስ መውጣት የሚወድም አለ። የማይወዱትን የያዙ እንደሆነ ምንም ጥሩ ቢሆን ሰውን አያሻሽልም።» ከዚያም በነጭ ስትጫወት የምትይዘውን፣ የጣሊያን የሚባለውን አሳያት። መሃሉን በወታደር መያዝ፣ ፈረስ፣ ጳጳስ፣ ከዚያ ንጉሡን ጥጉ ላይ በሚቆመው ግንብ ጥላ ሥር ማስገባት። ንግሥቲቱ እስከዚያ ከቤቷ አትወጣም። «ንግሥት ቶሎ ከወጣች ሁሉም ያሳድዳታል» ሲል ወደ እኔ አላየም፤ እኔ ግን እያየኝ የተናገረ ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ፣ አንዳንድ ቀንም ከሥራ መልስ፣ ፈንታሁንና የሺ ቦርዱን ይዘው በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። በር ክፍት ነው፣ ጎረቤት ያያል፣ ምንም የተሠወረ ነገር የለም። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ነውር ቢሆን እጮኽ ነበር። ሲሸነፍ አይከፋም፣ ስትሸነፍ አይፎክርባትም። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ይመልሱትና የት ላይ እንደተሳሳተች ይፈልጋሉ። «በአንድ ሽንፈት አከፋፈትሽን አትጣይ» ይላታል፤ «የተሳሳትሽባትን አንዲት እርምጃ ብቻ አስተካክይና ተመለሺበት።» ከዚህ በላይ ያለው ወሬ በአገውኛ ነው። ሚስቴ በእኔ ቋንቋ ስትናገር ቃል የምትመርጥ፣ ዝግ የምትል ሴት ናት። በአገውኛ ግን ትፈጥናለች፣ ትከራከራለች፣ እጇን ታወናጭፋለች፣ እኔ የማላውቀው ሳቅ ትስቃለች። ይህን እያሰብኩ ሱቄ ውስጥ መኪናዬ ላይ ጎንበስ ብዬ የምሰፋው ሱሪ ስንት ጊዜ ተጣመመብኝ!

አንድ ቀን ደግሞ የሚብሰው መጣ። ውሃ ልትሰጠው ስትል በአማርኛ «እንካ፣ አንተ ደግሞ ስትጫወት ውሃ መጠጣት ትረሳለህ» አለችው። አንተ! እኔን ባሏን አንቱ፣ ተከራዩን አንተ። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽም አልተዉኝም። ቀሚስ ሊለኩ መጥተው እጃቸውን ዘርግተው እንደቆሙ «ተከራያችሁ ደግ ሰው ነው አሉ። የሺም ደስ ብሏት ሰነበተች» አሉኝ። ሜትሩን ወገባቸው ላይ ጥብቅ አደረግሁባቸው መሰለኝ፣ «ኧረ ቀስ!» አሉኝ።

ምን አደረግሁ? አገውኛ ተማርኩ። ገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡ ደንበኞቼን እያስቀመጥኩ ይኼ ምን ይባላል፣ ያ ምን ይባላል እያልኩ እጠይቃለሁ። «ለገበያው ነው» እላቸዋለሁ። ደስ ይላቸዋል፣ በትዕግሥት ያስረዱኛል፣ አንዳንዱም በአነጋገሬ ይስቃል። ለሰው አንድም ነገር አልነገርኩም። ክረምቱ አልፎ አደይ ሲያብብ ጆሮዬ መከፈት ጀመረ። በረንዳው ላይ ያለው ወሬ መጀመሪያ አንዳንድ ቃል፣ ከዚያ ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ይደርሰኝ ጀመር። መጀመሪያ ሙሉውን የሰማሁት ዓረፍተ ነገር ይኼ ነበር፤ «ፈረስሽን ወደ ዳር አታውጪው፤ ዳር የቆመ ፈረስ ግማሽ ጉልበቱን ያጣል።» ቀጥሎም «ያንን ወታደር ለምን ለቀቅሽው?» ቀጥሎም «ጳጳሱ ታፍኗል።» ለወራት የለፋሁት ይኼን ለመስማት ነበር! ስለ ፈረስ፣ ስለ ወታደር፣ ስለ ጳጳስ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ምን እንደሆነ አላውቅም፣ የባሰ ቀናሁ።

በዚያው ሰሞን ነው የሺ የጣለችኝ። ለብዙ ጊዜ ከእኔ ጋር አልተጫወተችም ነበርና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ነይ እስቲ፣ ምን እንደተማርሽ ልይ» አልኳት። ነጭ ያዝኩ። ወታደሬን ገፍቼ ንግሥቴን አወጣሁ። የሺ ፈረሷን አወጣችና መሃሉን ጠበቀች። ጳጳሴን አስከተልኩ። አንድ ወታደር ገፍታ ንግሥቴን አባረረቻት። ሸሸሁ፤ ሌላ ፈረስ እያወጣች መንገዴን ዘጋች። እንደገና ሸሸሁ፤ ጳጳሷ ወጣ። የእኔ ንግሥት ሜዳውን እየዞረች ስትሯሯጥ የእሷ ሠራዊት አንድ በአንድ ከቤቱ ወጥቶ ተሰለፈ፤ የእኔ ፈረሶች ገና ከጋጣቸው አልተነሡም። ንግሥቴ ተያዘች። የሺ እንደ ድሮው አልሳቀችም። «ይደግማሉ?» አለችኝ ዝግ ብላ። ደገምኩ። ተደገምኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው እሁድ ጉዱ ፈላ። ፈንታሁን በረንዳው ላይ ስለ አንድ የቢሮ አለቃው በአገውኛ እያወራ ነው። ሰውዬው ፈረስ ላይ ሲወጣ በወዲያኛው በኩል ወርዶ ስለመገኘቱ። አነጋገሩ በጣም ያስቃል። እኔ ጋዜጣ የማነብ መስዬ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ፤ ሳላስበው ድምፄን ለቅቄ ሳቅሁ። የሺ ቀስ ብላ ዞረች።

«ከመቼ ጀምሮ ይሰማሉ?» አለችኝ።

«ለገበያ ብዬ ነው» አልኩ።

ፈንታሁን ሰዓቱን አየና ቢሮ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ተናግሮ ወጣ፤ በእሁድ ቀን። የሺ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ መለሰች። እኔም «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ቼዝ የሚባል ነገር የለም!» አልኩ።

ሳጥኑን ከደነችና ቀና አለች። «ጆሮ ልትጠባ አንድ ቋንቋ ሙሉ ተማርክ» አለችኝ። «እኔን ለመስማት ግን ቋንቋ አያስፈልግህም ነበር። እዚያች ሱቅህ ለሚገባ ሰው ሁሉ፣ ለማንም አላፊ አግዳሚ፣ ምን ዓይነት ይሰፋልህ፣ ሰፋ ይበል ጠበብ ይበል፣ ኪሱ የት ይሁን ትለዋለህ። እኔን አንድ ቀን ምን ትወጃለሽ ብለኸኝ ታውቃለህ? አባቴም አልጠየቀኝ፣ ሽማግሌዎችህም አልጠየቁኝ፣ አንተም አልጠየቅኸኝ። ያ ሰው ጠየቀኝ። የጠየቀኝ ስለ ጠጠር ነው። እሱም ቢሆን ጠየቀኝ።»

አንተ አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ። ልቤ በንዴት ይነድዳል፣ ደግሞም ያ ሲበላኝ የከረመው ቃል ለእኔም በመድረሱ የማላምነው ደስታ በአንድ ጥግ ብልጭ አለ። ተነሥቼ ሱቄ ሄጄ የተሰፋ ሱሪ ፈትቼ እንደገና ሰፋሁ።

ለጥቂት ሳምንት ቤታችን ውስጥ ወሬው ጨውና እንጨት ብቻ ሆነ። ከዚያ ለበዓል በከተማው መዝናኛ ክበብ የቼዝ ውድድር እንደሚደረግ ተሰማ። የሺ «እሁድ ልጫወት ነው» አለችኝ። ፈቃድ አልጠየቀችኝም፣ ነገረችኝ። እኔም «ሻይ ልጠጣ ነው» ብዬ ሄጄ ከበሩ አጠገብ ቆምኩ። የሰፋሁላትን ሰማያዊ ቴትሮን ቀሚስ ለብሳለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ሴት እሷ ብቻ ናት። አንዱን ጣለች፣ ሁለተኛውንም ጣለች። መጨረሻ ላይ የቀረው ከቆሰበር የመጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሲጋራውን ከአፉ ሳይነቅል ነጭ ይዞ ተቀመጠ። የሺ ጥቁር ሆነች።

መምህሩ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት እርምጃ ሲገፋ፣ እሷ የእሷን አንድ እርምጃ ብቻ ገፋች። የፈረንሳይ የሚባለው አከፋፈት ነው። ፈንታሁን እንዳትይዘው ሲመክራት ሰምቼ ነበር። «ይጠብብሻል፤ ጳጳስሽ ከወታደሮችሽ ኋላ ይታፈናል፤ ጀማሪ አይወደውም» ብሏት ነበር። እሷ ግን «ይኼን ነው የምወደው» አለችው። በነጭ የእሱን የጣሊያኑን ያዘች፤ በጥቁር የራሷን መረጠች። እንደተባለውም ጠበባት። መምህሩ መሃሉን ይዞ፣ ወታደሮቹን እንደ አጥር ደርድሮ መጣባት። ዙሪያዋን የቆመው ሰው «አለቀላት» ይባባላል። የሺ አልቸኮለችም። ፈረሷን አመቻቸች፣ ንጉሧን አስጠለለች፤ ከዚያ ያን አጥር ከሥሩ በአንድ ወታደር ነካችው። መምህሩ ጠገነ። በሌላ በኩል ነካችው። ሲጋራው አመዱን ቦርዱ ላይ ጣለ። አጥሩ ተነቀለ፣ የታፈነችው የሺ በተነቀለው በኩል ወጣች።

እኔ ጨዋታውን ብቻ አልነበረም የማየው። ፈንታሁን በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ቆሟል። የሺ አንድ ጊዜ ቀና ብላ ካየችው ልይዛት ነው፤ አንዲት ዕይታ፣ አንዲት ፈገግታ። ዓይኔን ሳላርገበግብ ጠበቅሁ። አላየችውም። እኔንም አላየችኝም። መምህሩ ንጉሡን አጋድሞ እጁን ሲዘረጋላት፣ ሰዉ ሲያጨበጭብ፣ የሺ ያን ቦርድ ነበር የምታየው። በሠርጓ ቀን ያላየሁት ፊት ነበራት። እዚያ በር ላይ ቆሜ የቀናሁት በማን ሳይሆን በምን እንደሆነ ገባኝ፤ ሲገባኝም ምንም አልቀለለኝም። ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው ከቤት ይወጣል።

ፈንታሁን ጥቂት ቆይቶ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። ለመንገድ የሚሆን ሱሪ ሰፍቼ ሰጠሁት፤ እንዲህ ፈጥኜ የጨረስኩት ልብስ የለም። የሺ እስከ አውቶቡስ ድረስ ከእኔ ጋር ሸኘችው፤ አላለቀሰችም። ስንመለስ ጋሪ ላይ ተቀምጠን «አሁን እንግዲህ ከማን ጋር ልጫወት?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ኀዘን በጆሮዬ መዘንኩት፤ ዛሬም ይመዝነኛል። ማታ ከእራት በፊት ሳጥኑን እኔው አወጣሁት። ጠጠሮቹን እየደረደረች «ምን ዓይነት ጨዋታ ደስ ይልሃል?» አለችኝ። «አንቺ የምትሸነፊበት» አልኳት። ያኔ ነው፣ ያን የአገውኛ ሳቋን በአማርኛ ስትስቅ የሰማሁት። ልጆች መጡ፣ አደጉ፣ ቦላሌው ጠፍቶ ሰው የተሰፋ ልብስ ከገበያ መግዛት ጀመረ፣ መኪናዬም ጥግ ገባች። ከዚያ ወዲህ እኔ አሸንፌያት የማውቀው ታማ በነበረች ጊዜ ብቻ ነው።

ይኼን ሁሉ ይዤ ከሚኒባሱ ወረድኩ። ቤት ገባሁ፣ ምሳ በላሁ፣ የዓይኔን ጠብታ አሳየኋት፤ ስለ ፈንታሁን አልተናገርኩም። ሌሊቱ አለፈ። በማግሥቱ ድንች ስትልጥ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እንደ ዋዛ፣ «ያ ተከራያችን የነበረው ሰውዬ ቆሰበር አለ አሉ» አልኳት።

ቢላዋው ቆመ። «ማን አለህ?»

«ራሱ። መንገድ ላይ አገኘሁት።»

«ፈንታሁንን? እና ለምን ይዘኸው አልመጣህም?»

«ተቻኩለን ነበር።»

«ስልኩንስ ተቀበልክ?»

«ረሳሁት።»

«ጌታነህ!» አለችኝ። ሽማግሌ ሚስት ስምህን እንዲህ ስትጠራ ሌላ ዝርዝር አያስፈልግም። የልጁ ባል ሱቅ ያለበትን ነገርኳት። ቆሰበር ላለችው የእህቷ ልጅ ደወለች፤ ድንቹ ሳይበስል የፈንታሁን ስልክ ቤታችን ገባ።

እሁድ መጣ። ጠላው ቀድሞ ደርሷል፣ የሺ ፀጉሯን ተሠርታለች። መሠራቷን ቆጠርኩት፤ ምን ላድርግ! ተሳሳሙ፣ ስለ ሚስቱ አለቀሰችለት፣ ስለ ልጆች ተጠያየቁ። ከዚያ ቦርዱ ወጣ። እኔ ጠላ ቀጂ ሆንኩ። ፈንታሁን ነጭ ያዘ፤ ወታደሩን ሁለት እርምጃ ገፋና ፈገግ ብሎ ጠበቀ። የፈረንሳዩን እንደሚጠብቅ ዐውቄያለሁ። የሺ ግን ከንጉሡ ፊት ያለውን ትታ፣ በንግሥቲቱ በኩል ካለው ጳጳስ ፊት የቆመውን ወታደር አንድ እርምጃ ገፋች።

ፈንታሁን ቀና አለ። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? የፈረንሳዩስ?»

«ተውኩት» አለች የሺ። «ስንት ዓመት ያዝኩት፣ ያ ጳጳስ ታፍኖ መቀመጡ ሰለቸኝ። በዚህኛው ቶሎ ወደ ውጭ ይወጣል። ጥንካሬው ያው ነው፤ አየር አለው።»

«ማን አሳየሽ?»

«ስልክ ላይ አብሮኝ የሚጫወት ልጅ አለ። የት አገር እንዳለም አላውቅም፤ ልጅ ይሁን ሽማግሌ እንኳ አላውቅም። በዚህ ደጋግሞ አሸነፈኝ፤ በኋላ እኔም ምክንያቱን እስካገኝ አጠናሁት።»

ፈንታሁን «ጎበዝ» አለ። ወደ ቦርዱ ተመለሰ። እኔ ግን ፊቱን አየሁት። ከንፈሩ ይስቃል፣ ጉንጩ አልሳቀም። ጣቶቹ ከዘራውን ፈልገው ጨበጡት። ያን ፊት ከውስጥ ሆኜ ዐውቀዋለሁ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለብሼው ከርሜያለሁ። ጨዋታው ረዘመ። የሺ አሸነፈችው። ወደ መጀመሪያው መልሰው የት ላይ እንደተሳሳተ ሊያዩ ሲጀምሩ ስልኳ ጮኸ። ልጃችን የገዛችላት ስልክ ነው። አየችውና ፊቷ በራ።

«ይቅርታ ፈንታሁን፣ ተራዬ ደርሷል። ኔትወርኩ ሳይጠፋ ልመልስለት» ብላ ተነሣች። መስኮቱ ሥር ሄዳ ተቀመጠች፤ መነጽሯን አደረገች፤ እኛን ረሳችን።

ፈንታሁን ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዘወትር ይጫወታሉ?»

«በየቀኑ።»

«ጎበዝ ነው እንዴ?»

«ጎበዝ ነው ትላለች።»

የሺ ስልኳን እያየች ብቻዋን ሳቀች። ረዘም ያለ፣ ከሆድ የወጣ ሳቅ። ሁለታችንም አንገታችንን አስግገን አየናት።

«ምን አድርጓት ነው?» አለኝ ፈንታሁን።

«እኔንጃ» አልኩት። ብርጭቆውን ሞላሁለትና ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።